ለሰባተኛው ወንበር የጻፍኩት ስም

ሳማትያ፣ ኢስታንቡል
ብሔራዊ ደንባችን በሱልጣኑ ፊርማ በጸደቀ በሃያ አንደኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት

ውድ አባዬ፣

ደብዳቤህ ሐሙስ ዕለት በመርከብ ደረሰኝ። ሳልህ እንደተሻለህ፣ የኢዝሚር ፀሐይ እንደተስማማችህ፣ የወንድሜ የመልኮን ሚስት ደግሞ ጨው የሌለው ሾርባ እያጠጣች ጤነኛውን ሰውዬ በሽተኛ ልታደርግህ እንደተነሳች አንብቤ ብቻዬን ሳቅኩ። ጨው የከለከለችህ ሐኪሙ ስላዘዛት ነው። እኔም ብሆን እከለክልህ ነበር።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ተቋረጠ። የሰፈራችን ምክር ቤት ለደንቡ በዓል መጥተህ ንግግር እንድታደርግ ጋብዞሃል። አንተም «እመጣለሁ፤ ነገር ግን መዳብ ቀጥቃጩ ቶሮስ እዚያ ሜዳ ላይ ከታየ ከመርከቡ አልወርድም። ከሁለት አንዳችንን ምረጡ» ብለህ ጽፈሃል። አባዬ፣ ሰባ ስድስት ዓመትህ ነው። አንድን ሰው አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማኩረፍ አይደክምም?

ይህን ደብዳቤ ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ልጽፈው ይገባኝ ነበር። ያኔ ግን አንድ ቤት ውስጥ ነበርንና ደብዳቤም አያስፈልግም፤ አፌን መክፈት ብቻ ይበቃ ነበር። ያቃተኝ እሱ ነው። አሁን መነጽርህን አድርግና ራስህ አንብበው። መልኮን እንዳያነብልህ፤ እሱ ግማሹን ይዘላል፣ ግማሹን ያሳምራል።

ከሱቃችን ልጀምር። ያልተጠረዙ ወረቀቶች እስከ ጣራው ተቆልለው፣ ሙጫው እሳት ላይ እየተንተከተከ፣ አንተ መርፌና ክር ይዘህ ስታጉረመርም ይታየኛል። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ገጾቹን በተራቸው እንዳስቀምጥልህ ቁጥር አስተማርከኝ፤ ቁጥሩ ሲያልቅ ፊደሉን ቀጠልክ። ጎረቤቶቹ «ሴት ልጅ ፊደል ከቆጠረች የመጀመሪያ ሥራዋ ለጎረምሳ ደብዳቤ መጻፍ ነው» ሲሉህ፣ «ታዲያ ቢያንስ ስህተት የሌለበት ደብዳቤ ትጽፋለች» ብለህ መለስክላቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እኮራብሃለሁ።

ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ሰፈሩ እንደ አንተው «ኡስታ» እያለ ለሙያቸው የሚያከብራቸው ቶሮስ መዳባቸውን ይቀጠቅጡ ነበር።

«ቶሮስ! ባንተ ድብደባ ሙጫዬ ሊደርቅልኝ አልቻለም!» ብለህ ትጮሃለህ።

«የተላቀቀው መጽሐፉ ነው ወይስ ወገብህ?» ይሉሃል እሳቸው፣ መዶሻቸውን ሳያቆሙ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራችን ላይ የታውላ ሰሌዳ ዘርግታችሁ፣ ጠጠር እያንቀሳቀሳችሁ እስከ ምሳ ትጨቃጨቃላችሁ። አንዱ ሌላውን አጭበረበርክ ሳይለው የቀረ እሑድ ትዝ አይለኝም። እማዬ ምግቡን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ታሞቀው ነበር። ከእናንተ የበለጠ ወዳጅነት ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ከዚያ ደንቡ፣ ሕዝባችን የራሱን ምክር ቤት እንዲመርጥ የሚፈቅደው ሕግ፣ መጣ። ፓሪስ ተምረው የተመለሱት ልጆቻችን ያረቀቁትን ወረቀት ልትጠርዘው ተቀብለህ፣ ሳትጠርዘው ሦስት ቀን እያነበብክ ከረምክ። «ከእንግዲህ አሚራዎቹ፣ እነዚያ የባንክ ጌቶች፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናችንና ስለ ትምህርት ቤታችን ብቻቸውን አይወስኑም። ጫማ ሰፊውም ይመርጣል፤ መዳብ ቀጥቃጩም ይመረጣል» እያልክ በጠባቧ ሱቅ ውስጥ ትንጎራደድ ነበር። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። የአሚራዎቹ ደጋፊዎች «ጨለማ»፣ የእናንተ ወገን «ብርሃን» ተባለ። ስሙን ያወጣችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ጥሩውን ለራሳችሁ አስቀራችሁ። ዓሣ ተራ ላይ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች «አንተ ጨለማ!» «ዝም በል፣ አንተ ጭላንጭል!» ተባብለው በቆብ ሲደባደቡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ደንቡ በጸደቀ በሁለተኛው ዓመት ሰፈራችን የመጀመሪያውን ምክር ቤት ሊመርጥ ተነሳ። ወንበሩ ሰባት ነበር። በስድስቱ ላይ ብዙም ክርክር አልተነሳም። ለሰባተኛው ግን አንተና ልብስ ሰፊው ኡስታ ካስፓር ተፋጠጣችሁ። ሁለታችሁም ብርሃን ነበራችሁ! ጨለማዎቹ ዳር ቆመው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ያጣላችሁ ነገር ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለው ባዶ ቤት ነው። አንተ ንባብ ቤት ይሁን አልክ፤ ጋዜጣ የሚመጣበት፣ ሠራተኛው ከሥራው በኋላ ቁጭ ብሎ የሚያነብበትና የሚከራከርበት። ካስፓር የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ይሁን አሉ። ካስፓር የገዛ ስማቸውን እንኳ መጻፍ አይችሉም፤ ነገር ግን አምስት ሴት ልጆች ነበሯቸው።

«ነፃ ሕዝብ ማለት የሚያነብ ሕዝብ ነው!» አልክ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ደረጃው ላይ ቆመህ።

«ልክ ብለሃል ኡስታ ሴሮፔ» አሉ ካስፓር ከታች። «የኔዎቹ አምስቱ ታዲያ ሕዝብ አይደሉም?»

ሰዉ ሳቀ። አንተም ሳቅክና «ሴት ልጅ ቤቷ ሆና ከአባቷ ትማራለች። የኔዋ ታኩሂ ተምራ የለም እንዴ?» አልክ።

«አንተማ መጽሐፍ ጠራዥ ነህ። እኔ ምን ላስተምራቸው፣ ቁልፍ መትከል?»

ወደ ቤት ስንመለስ «ካስፓር ጥሩ ሰው ነው፤ ብቻ ነገር ቶሎ አይገባውም» አልከኝ። እኔ ግን ነገሩ የገባቸው እሳቸው ይመስለኝ ነበር፣ አባዬ። አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ያገቡት ጓደኞቼ ባሎቻቸው ከሩቅ አገር የላኩላቸውን ደብዳቤ ይዘው እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር። የናፍቆቱንም የጸቡንም ቃል ከእነሱ በፊት የማነበው እኔ ነበርኩ። አንዷ፣ ስሟን ተወው፣ «ባሌ የሚለኝን ካንቺ አፍ መስማት አሳፈረኝ፤ እስቲ ቶሎ ቶሎ አንብቢው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የዚያች ልጅ ጀርባ ከዓይኔ አልጠፋም።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ድምፅ በምስጢር ይሰጣል፣ ስም በወረቀት ተጽፎ ሳጥን ውስጥ ይገባል ተባለ። ይህ በጣም ጥሩ ነው፤ ችግሩ ከሰፈራችን መራጮች ከሲሶው የሚበልጠው መጻፍ አለመቻሉ ነው። ማን ይጻፍላቸው? የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ እንዳይጽፍ የአሚራው ማዕድ ተቋዳሽ ነው ተባለ። መምህሩ እንዳይጽፍ ያንተ ወዳጅ ነው። መጻፍ የሚችል ወንድ ሁሉ ወገን ነበረው። ቄስ ጌቮንድ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡና፦

«ታኩሂ ትጻፍ» አሉ። «ሴት ናት፤ ድምፅ የላትም። ድምፅ የሌለው ሰው ምን ወገን ይኖረዋል?»

ሁሉም ዞሮ ካስፓርን አየ፤ የተፎካካሪያቸው ልጅ ነኝና። ካስፓር ግን ምንም አላመነቱም። «ትጻፍ። ሴሮፔ ልጁን ሌብነት አላስተማራትም» አሉ።

እጄን ወንጌል ላይ አስጭነው፣ የማንንም ድምፅ ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። በዕቃ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛና ቀለም ተሰጠኝ፤ በሩ ላይ መጋረጃ ተሰቀለ። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየገቡ በጆሮዬ ስም ያንሾካሹካሉ፤ እኔ እጽፋለሁ፤ እነሱ ወረቀቱን አጥፈው ወስደው ሳጥኑ ውስጥ ይከታሉ። ለስልሳ አንድ ሰው ጻፍኩ። ከስልሳ አንዱ የሁለቱን ብቻ ነው ዛሬ የምነግርህ። የሌላው ከእኔ ጋር ይቀበራል።

ስልሳኛው ተሸካሚው ኦሃን ነበሩ፤ ወደብ ላይ ጎብጠው የቀሩት ሽማግሌ።

«ማንን ልጻፍልዎ አባባ ኦሃን?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? አርባ ዓመት ሙሉ ዕቃ ስሸከም ‹በዚህ በኩል አስቀምጠው› ከማለት በስተቀር ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ናቸው። አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ፤ የሚበጀውን ጻፊ።»

«እንዲህማ አይሆንም። የሚመርጡት እርስዎ ነዎት።»

«መረጥኩ እኮ» አሉኝ። «አንቺን መረጥኩ።»

ብዕሬ ላይ ያለው ቀለም ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ፤ ሌላ ወረቀት አነሳሁ። የምጽፈው ያንተን ስም ነበር። የመጀመሪያውን ፊደል በሐሳቤ ጽፌው ነበር። ከዚያ ያቺ ልጅ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው፣ ትዝ አለችኝ። ካስፓር ብዬ ጻፍኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ «እሺ፣ ይሁን» አሉና አጥፈውት ወጡ። ተከትለው የገቡት ኡስታ ቶሮስ ነበሩ። የእሳቸውንም ጻፍኩ።

አባዬ፣ ከፈለግክ አስምለኝ፣ በአንድ ድምፅ ይሆናል ብዬ ፈጽሞ አላሰብኩም። በሠላሳና በአርባ ትበልጣቸዋለህ ብዬ ነበር። ቄስ ጌቮንድ ግቢው መካከል ቆመው «ካስፓር ሰማንያ ስምንት፣ ሴሮፔ ሰማንያ ሰባት» ብለው ሲያነብቡ ያቺ የኦሃን ወረቀት ወዲያው ታየችኝ። ኦሃን ከኋላ ሆነው «የኔው አሸነፈ!» እያሉ ያጨበጭቡ ነበር።

አንተ ያን ዕለት ያደረግከውን መቼም አልረሳውም። ካስፓርን በሰዉ ፊት አቅፈህ ሳምካቸውና «ሕዝቡ ተናግሯል» አልክ። እንዲህ ያለ ሽንፈት ያየ ሰው አልነበረም፤ ጨለማዎቹ እንኳ ቆባቸውን አነሱልህ። ምናለ እዚያ ላይ ብታቆም! ግን ቤት ገብተህ ቃል የገቡልህን ሰዎች በጣትህ መቁጠር ጀመርክ። ደግመህ ደጋግመህ ቆጠርክ፤ ሰማንያ ስምንት መሆን ነበረበት። ካስፓር ደግሞ በዚያው ሳምንት ለኡስታ ቶሮስ አዲስ ኮት ሰፍተውላቸዋል።

በማግስቱ ታውላው ተዘርግቶ ሳለ ጠየቅካቸው።

«ቶሮስ፣ ማንን መረጥክ?»

«ጨዋታህን ተጫወት።»

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«ሴሮፔ፣ ‹ድምፅ የሰውና የፈጣሪ ምስጢር ነው፤ ወንድም ለወንድሙ እንኳ አይናገርም› ብለህ ደረጃ ላይ ቆመህ ያስተማርከን አንተ አይደለህም? እኔ አምኜህ ነው የተማርኩት። አልነግርህም።»

«ንጹሕ ሰው የሚደብቀው ነገር የለውም!»

«አሚራዎቹም እንዲሁ ነበር የሚሉን» አሉ ኡስታ ቶሮስ በቀስታ።

ያኔ ነው ታውላውን ጥርቅም አድርገህ የዘጋኸው። «ድምፅህን በኮት ለወጥከው!» አልካቸው። እሳቸው ተነሱ፤ ኮታቸውን አወለቁ፤ አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩትና በዚያ ብርድ በሸሚዝ ብቻ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እማዬ ኮቱን በኋላ ወሰደችላቸው። ለብሰውት ግን አላየሁም።

ያን ሳምንት እኔንም ያዝከኝ። «ታኩሂ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። አትናገሪ፤ ብቻ ራስሽን ነቅንቂልኝ» አልከኝ።

«ምያለሁ አባዬ» አልኩህ።

ግንባሬን ሳምከኝ። በነጋታው ለሰፈሩ ሁሉ «የኔ ልጅ ለአባቷ እንኳ አልነገረችም! ደንብ ማለት ይኸ ነው!» እያልክ ስትፎክር ከሱቁ ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ። መሐላው የሌላውን ሰው ምስጢር ለመጠበቅ ነበር፤ እኔ የራሴን ደበቅኩበት።

ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ዓመት አለፈ። ካስፓር ቃላቸውን ጠበቁ፤ ባዶው ቤት በመከር ወራት በአስራ አንድ ልጆች ተከፈተ፤ እኔም አስተማሪ ሆንኩ። የመጀመሪያዎቹን የንባብ መጻሕፍት የጠረዝክልን አንተ ነህ። የተሸነፈ ሰው ለአሸናፊው ትምህርት ቤት በገዛ እጁ መጽሐፍ ሲጠርዝ አይቼ ይበልጥ አፈርኩ፤ ይበልጥም ወደድኩህ። ዛሬ መቶ አርባ ልጆች አሉን። የካስፓር አምስተኛ ልጅ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ደግሞም ክፉኛ ነው የምትቆጣው። ካስፓር ሲሞቱ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ አንተ ነበርክ። ከሁሉም ሰው ጋር ሰላም ነበርክ፣ ከኡስታ ቶሮስ በስተቀር። እማዬ አልፋ አንተ ወደ መልኮን ስትሄድ እንኳ፣ በሱቃቸው በር ላይ ቆመው ዕቃህ ሲጫን የሚያዩትን ሰው ደህና ሁን ሳትላቸው ሄድክ።

ደብዳቤህ በደረሰ በማግስቱ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መዶሻ አይዙም፤ ልጃቸው ሲቀጠቅጥ በር ላይ ቁጭ ብለው «እንደሱ አይደለም» ይሉታል። ያልከውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው፣ እኔ ልቅራ» አሉ። «እሱ ይምጣ። ሲናገር ከቤቴም ይሰማኛል፤ ያ ጉሮሮ መቼም አልደከመም።»

«ኡስታ ቶሮስ፣ ያን ቀን በጆሮዬ የነገሩኝን ስም ለአባቴ ልንገረው?»

«ንገሪው። ምስጢሩ የኔ ነው፤ ፈቅጃለሁ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «ያንቺንስ?» አሉኝ።

«የእኔን?»

«መጋረጃው ጋ ቆሜ ነበር እኮ ልጄ። ኦሃን ‹አንቺን መረጥኩ› ሲልሽ ሰምቻለሁ። ስገባ ፊትሽ እሳት ላይ እንደቆየ መዳብ ቀልቶ ነበር። ውጤቱ ሲነበብ ወዲያው ገባኝ።»

«አስራ ዘጠኝ ዓመት አውቀው! እየሰደበዎት፣ እያኮረፈዎት! ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ልበል? ‹እኔ አይደለሁም› ብል ‹ታዲያ ማነው?› ይላል። አባትሽ ነገር ከያዘ እስከ ሥሩ ነው የሚቆፍረው። ወዳጅ ቢያጣ ሌላ ያገኛል አልኩ። ሴት ልጁ ግን አንዲት ናት።»

«አገኘ ይመስልዎታል?»

«እሱን እሱው ይንገርሽ። እኔ አላገኘሁም።»

እጃቸውን ስሜ አለቀስኩ። እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን «ምን ታያለህ? መጥበሻውን ቀጥቅጥ!» ብለው ጮሁበት።

እንግዲህ በፈቃዳቸው እነግርሃለሁ። ኡስታ ቶሮስ ያን ቀን ያንሾካሾኩልኝ ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ሴሮፔን ጻፊ። ግን እንዳትነግሪው፤ ይኮራብኛል።»

አሁን ከወንበርህ ተነስተህ እየተንጎራደድክ እንደሆነ አውቃለሁ። ተቆጣ፤ ቁጣው ግን ለእኔ ነው። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ወደቡ ላይ እጠብቅሃለሁ። ብቻዬን አልሆንም፤ ኡስታ ቶሮስ ክንዴን ይዘው ይቆማሉ። አስቀድሞ የሚናገረው አንተ ትሆናለህ፤ እሳቸው ብዙ ዝም ብለዋል። ንግግርህን አጭር አድርገው፤ ልጆቹ በፀሐይ ነው የሚቆሙት። ደግሞ ስለ ድምፅ ምስጢርነት ልትናገር ካሰብክ፣ ከአንተ በላይ የጠበቀው ሰው ከፊትህ እንደተቀመጠ አትርሳ።

አባዬ፣ ይቅርታ የምጠይቅህ ስለ ዝምታዬ ነው፤ እሱን ከልቤ እጠይቅሃለሁ፣ የኡስታ ቶሮስን ዓመታት መመለስ ግን አልችልም። ስለጻፍኩት ስም ይቅርታ አልጠይቅህም። ዘንድሮም ምርጫ አለ፤ ዘንድሮም ለማይጽፉት የምጽፍላቸው እኔ ነኝ፤ የራሴ ወረቀት ግን የለኝም። በሕይወቴ ድምፅ የሰጠሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም አንድ ተሸካሚ ሽማግሌ ሰጡኝ። ዛሬም ቢሰጡኝ ያንኑ ስም እጽፋለሁ።

የምትወድህ፣ ያሸነፈችህም ልጅህ
ታኩሂ